ባለ ስድስት እግሯ ሸረሪት፦ ስለ አንድ የአርትሮፖድ ማስተማሪያ ሳጥን

ሳጥኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዤ ወደ ክፍል በገባሁበት ዕለት፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥና ብዙውን ጊዜ ዝም የሚል አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ሸረሪት ስምንት እግር አላት ብለውን ነበር። ይህች ግን ስድስት ብቻ ነው ያላት። ከሥሯም ‹ነፍሳት› ተብሎ ተጽፏል» አለኝ። ናሙናዋን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋኋት። ልጁ አልተሳሳተም። በሬዚን (ሲደርቅ መስታወት በሚመስል ግልጽ ሙጫ) ስትታሸግ በግራ በኩል ሁለት እግሮቿ ተቀንጥሰዋል፤ ጉቶአቸው በአጉሊ መነጽር ይታያል። የተለጠፈባት ወረቀት ደግሞ «ሸረሪት፤ ክፍል፦ ነፍሳት» ይላል። እግሯና ስሟ ተመሳጥረው ጠበቁኝ። ክፍሉ በሙሉ አፍ አፌን ያየኛል።

ሥነ ሕይወት ማስተማር ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆኖኛል። ነፍሳትን፣ ሸረሪትን፣ ጊንጥን፣ ሸርጣንንና ባለ መቶ እግርን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያኖረውን ይህን አርትሮፖድ የሚባል ግዙፍ የእንስሳት ወገን እስከ ዛሬ ያስተማርኩት በጠመኔ ነው። የአንበጣ ሥዕሌ ከዓመት ዓመት እየተሻሻለ መምጣቱን ተማሪዎቼ ባይመሰክሩልኝም እኔ አውቀዋለሁ። ይሁን እንጂ የሥዕል አንበጣ አይገለበጥም፤ ሆዱ ሥር ምን እንዳለ ለማየት ሌላ ሥዕል መሳል ግድ ነው። በእጅ የሚያዝ፣ የሚገላበጥ ነገር ፈለግሁና ሳጥኑን ገዛሁ።

በውስጡ የክብሪት ቤት የሚያህሉ 24 የሬዚን ናሙናዎች፣ አምስት የማይክሮስኮፕ ስላይዶች፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ አልትራቫዮሌት ጨረር የምትሰጥ ትንሽ የእጅ ባትሪና ባለ 32 ገጽ መምሪያ አሉ። በሳጥኑ ሽፋን ላይ ስሟ እንኳ ያልተጠቀሰ፣ በጥጥ የተጠቀለለች አንዲት የመስታወት ብልቃጥም አለች። ስለ እርሷ የምለው ብዙ ስለሆነ ለጊዜው ትቆየን።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚህ ሳጥን መልአክ በጣም የቸኮለ ነበር። ሸረሪቷ ብቻ ሳትሆን ጊንጡም «ነፍሳት» ተብሏል፤ የባለ መቶ እግርና የባለ ሺህ እግር ስሞች ደግሞ ተለዋውጠዋል። አምራቹን ለመከላከል ያህል አንድ ነገር ልናገር፦ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 እንስሳትን ሲመድብ ሸረሪትንም፣ ጊንጥንም፣ ሸርጣንንም ከነፍሳት ጋር በአንድ ጎራ ነበር ያስቀመጣቸው። ስለዚህ የአምራቹ ስሕተት ክብር ያለው ስሕተት ነው፤ ችግሩ ከ260 ዓመታት በላይ መዘግየቱ ነው። ዛሬ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ እንኳ ነፍሳት ሦስት የአካል ክፍል፣ ሦስት ጥንድ እግርና አንድ ጥንድ አንቴና እንዳላቸው፣ ሸረሪትና ጊንጥ ግን አራት ጥንድ እግር እንጂ አንቴና የሚባል ነገር እንደሌላቸው ያውቃል። እግሯ ቢቀነጠስ እንኳ አንቴና አለመኖሩ ሸረሪቷን ያጋልጣታል። ለዚያ ተማሪ የመለስኩለትም ይህንን ነው፦ እግር ይሰበራል፤ ስለዚህ ጭንቅላቷን እይ።

የስሞቹን መለዋወጥ ግን ወደ ጨዋታ ቀየርኩት። ሁለቱን ናሙናዎች ያለ ስም ሰጠኋቸውና የትኛው የትኛው እንደሆነ ራሳቸው እንዲፈርዱ አደረግሁ። ባለ መቶ እግር በእያንዳንዱ የአካል ቁርጥ ላይ አንድ ጥንድ እግር ብቻ ነው ያለው፤ ባለ ሺህ እግር በአብዛኛዎቹ ላይ ሁለት ሁለት ጥንድ አለው። አንዲት ተማሪ በመርፌ ጫፍ እየነካች ቆጥራ የባለ መቶ እግሩ 21 ጥንድ ሆነላት። ጎልማሳ ባለ መቶ እግር የእግሮቹ ጥንድ ብዛት ሁልጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ መቶ እግር እንዲኖረው ደግሞ ሃምሳ ጥንድ ማለትም ተጋማሽ ቁጥር ያስፈልገዋል። በሌላ አነጋገር ባለ መቶ እግር መቶ እግር ሊኖረው አይችልም። ይህን ስነግራቸው የተፈጠረው ሳቅ የሳጥኑን ግማሽ ዋጋ ያወጣል። መምሪያው በዚህ ላይ «ባለ ሺህ እግር የተባለውም ቢሆን ሺህ እግር ያለው ዝርያ የለም» ይላል። እስከ 2021 ድረስ እውነት ነበር። በዚያ ዓመት ከአውስትራሊያ ምድር ሥር፣ ስልሳ ሜትር ያህል ጥልቀት ካለው ጉድጓድ የተገኘ ዓይን አልባ፣ ክር የመሰለ ፍጥረት 1,306 እግር ተቆጥሮለት ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ አስከበረ። ለቀጣዩ እትም ይህን አንድ መስመር ቢያርሙ አይጎዳቸውም።

ከስም ስሕተቱ ይልቅ ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ከ24ቱ ናሙናዎች 15ቱ ነጭ፣ ብርሃን የማያሳልፍ ወለል ላይ ተጣብቀዋል። ከላይ ሲታዩ ያምራሉ፤ ለጠረጴዛ ጌጥ ይሆናሉ። ነገር ግን የአርትሮፖድ ሚስጥር ያለው በሆዱ በኩል ነው። ሸርጣኑን ውሰዱ። ሸርጣን ሆዱን ከሥሩ አጥፎ ነው የሚኖረው፤ የወንዱ ጠባብና ሹል፣ የሴቷ ሰፊና ክብ ነው፤ ሴቷ እንቁላሏን የምታቅፈው በእርሱ ነው። ሸርጣንን ገልብጦ ጾታውን መለየት አንድ ልጅ በሕይወቱ የማይረሳው ትምህርት ነው። የእኔ ሸርጣን ግን ነጭ ፕላስቲክ ላይ ተኝቶ ጾታውን ደብቆ ይኖራል። የሸረሪቷ ድር መፍተያም እንደዚሁ ተሸፍኗል። አምራቹ ወለሉን ግልጽ ቢያደርገው ምን ይጎድልበት ነበር? ጊንጡን ግልጽ አድርጎታል እኮ! ሲገለበጥ ከእግሮቹ መሃል ማበጠሪያ የሚመስሉት ሁለት አካላት ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ጊንጥ መሬቱን እየዳሰሰ የሚያሸተው በእነርሱ ነው።

ጊንጡ በእርግጥ የሳጥኑ ኮከብ ነው፤ ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ሽፋኑ ላይ አስቀምጦታል። መጋረጃውን ዘግተን የአልትራቫዮሌት ባትሪዋን ስናበራበት አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለ ብርሃን ሰጠ፤ ክፍሉም በአንድ ድምፅ ጮኸ። ከጎን ክፍል የሚያስተምሩት መምህር ምን ደረሰባችሁ ብለው ብቅ አሉ። ብርሃኑን የሚሰጠው በውጫዊ ቆዳው ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው፤ ጊንጥ ከሞተም በኋላ አይጠፋም። ቆዳውን ገና የጣለና አዲሱ ያልጠነከረለት ጊንጥ ግን አያበራም። ለምን እንደሚያበራ ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከራሉ። ደስ የሚል ትርኢት ነው፤ ግን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያልቃል። ልጆቹ «አበራ» ከማለት በቀር ሌላ የሚጠይቁት ጥያቄ አልነበራቸውም።

ባለ ስድስት እግሯ ሸረሪት በተቃራኒው ጥያቄዋ አላልቅ አለ። እግሮቿ ለምን እንዲህ ተዘርግተው ታሸጉ? በየቤቱ ጥግ የምናያት የሞተች ሸረሪት እኮ እግሯን ወደ ውስጥ ሰብስባ እንደ ተጨበጠ እጅ ነው የምትገኘው። መምሪያው «ስለሚደርቁ ይታጠፋሉ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። ስሕተት ነው፤ ደግሞም የሚያሳዝን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛው መልስ ከማንኛውም ተረት ይበልጣል። የሸረሪት እግር የሚታጠፈው በጡንቻ ነው፤ በዋና ዋናዎቹ ሁለት መገጣጠሚያዎች ላይ ግን የሚዘረጋ ጡንቻ የለም። ሸረሪት እግሯን የምትዘረጋው ደሟን ከአካሏ ፊተኛ ክፍል ገፍታ ወደ እግሮቿ በመላክ ነው፤ ልክ ከባድ ማሽኖች ክንዳቸውን በዘይት ግፊት እንደሚያነሡት። ዘላዮቹ ሸረሪቶች የሚፈናጠሩትም በዚሁ ግፊት ነው። ስትሞት ግፊቱ ይጠፋል፤ አጣፊው ጡንቻ ብቻውን ይቀርና እግሮቿ ይሰበሰባሉ። የእኛን ሸረሪት አምራቹ በመርፌ ወጥሮ ዘርግቷታል፤ ሁለቱ እግሮቿም የተሰበሩት በዚያው ትግል ሳይሆን አይቀርም። ይህን ስንነጋገር ደወሉ ተደወለ፤ ማንም አልተነሣም።

ስለ ጥንዚዛዎቹ አጭር ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ሳጥኑን እንደከፈትኩ ከ24ቱ ስድስቱ ጥንዚዛ መሆናቸውን አይቼ «ርካሽ ነገር ሞሉበት» ብዬ ተቆጥቼ ነበር። ቁጣዬ ከበረደ በኋላ አሰብኩት። እስከ ዛሬ ስም የተሰጣቸው የጥንዚዛ ዝርያዎች ወደ 400,000 ይጠጋሉ፤ በሳይንስ ከሚታወቁት የእንስሳት ዝርያዎች ሁሉ ሩብ ያህሉ ጥንዚዛ ነው ማለት ነው። ከ24 ስድስት ደግሞ ሩብ ነው። አምራቹ ሳያውቀው ይሁን አውቆት ተፈጥሮን በትክክል ወክሏል። ከስድስቱ አንደኛው ጠንካራ የፊት ክንፎቹን ከፍቶ፣ ሥሥ የኋላ ክንፎቹን ዘርግቶ ነው የታሸገው። ጥንዚዛ የፊት ክንፉን ወደ ጋሻነት ለውጦ በኋለኛው ብቻ እንደሚበር ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ናሙና አላየሁም። በሌላ በኩል የባሕሩ ወገን በአንድ ሸርጣን ብቻ መወከሉ ያሳፍራል። ከዓለት ላይ ተጣብቀው የሚኖሩት፣ እስከ 1830 ድረስ ቀንድ አውጣ ወገን ናቸው ይባሉ የነበሩት ባርናክሎች እንኳ አርትሮፖዶች ናቸው። አንዲት ቅርፊታቸው ብትጨመር ስንት ነገር ታስተምር ነበር።

አሁን ወደ ብልቃጧ።

መምሪያው ስለ እርሷ የሚለው ሦስት ቃል ነው፦ «የአንበጣ ባዶ ቆዳ»። በሬዚን አልታሸገችም፤ ማሸጊያው ስላልተረፋቸው የጣሏት ትመስላለች። ለእኔ ግን የሳጥኑ ዋጋ እርሷ ነች። ቆዳዋ ከአንበጣ ምንም አልጎደላትም፤ ስድስቱ እግሮች፣ አንቴናዎቹ፣ መንጋጋዎቹ፣ በኋላ እግሮች ላይ ያለው የሾህ መስመር ሁሉ በቦታቸው አሉ። ጀርባዋ ላይ ብቻ ከራስ እስከ ደረት የወረደ ስንጥቅ አለ፤ ባለቤቱ በዚያ ወጥቶ ሄዷል። ዓይኖቿ ሳይቀሩ እንደ ሥሥ መስታወት ክዳን ተላቅቀው ቀርተዋል። ደረቷ ላይ አጫጭር የክንፍ እምቡጦች ስላሉ ጥላት የወጣው የመጨረሻ ዕድሜው ላይ የደረሰ ኩብኩባ እንደነበር፣ ከእርሷ ሲወጣም ሙሉ ክንፍ ያለው አንበጣ እንደሆነ ለመናገር ይቻላል። አንበጣ ክንፍ እስኪያወጣ ብዙውን ጊዜ አምስት ጊዜ ቆዳውን ይጥላል፤ ይህች አምስተኛዋ ነች።

መነጽሩን ይዤ በስንጥቁ በኩል ወደ ውስጥ ስመለከት ነጫጭ ክሮች አየሁ። መጀመሪያ ጥጥ የገባበት መስሎኝ በወረንጦ ልጎትት ነበር፤ ደግነቱ እጄን ሰበሰብኩ። ክሮቹ ከጎንና ጎን ካሉት የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ይነሣሉ። የአየር ቧንቧዎቹ ገበር ናቸው! ነፍሳት ሳንባ የላቸውም፤ አየር በሆዳቸውና በደረታቸው ጎን ባሉ ቀዳዳዎች ገብቶ፣ ትራኪያ በሚባሉ እየቀጠኑ በሚሄዱ ቧንቧዎች በቀጥታ ወደ ሥጋቸው ይደርሳል። ለዚህ ነው ደማቸው በአብዛኛው ኦክሲጅን የማይሸከመውና ቀይ ያልሆነው፤ ዝንብ ስትጨፈለቅ የምናየው ቀይ ነገር የዓይኗ ቀለም ነው። እነዚህ ቧንቧዎች ከውጫዊው ቆዳ ወደ ውስጥ የታጠፉ ስለሆኑ የራሳቸው ሥሥ ቆዳ አላቸው፤ አንበጣው ልብሱን ሲያወልቅ የቧንቧዎቹንም ገበር በቀዳዳዎቹ በኩል መዞ ያወጣል። የፊተኛውና የኋለኛው አንጀቱ ሽፋንም አብሮ ይወጣል። አንድ ሰው ቆዳውን ሲገፍ የሳንባውን ውስጠኛ ሽፋን በአፍንጫው ጎትቶ ሲያወጣ አስቡት። ብልቃጧን ከወንበር ወንበር ሳዞራት ከአርባ ደቂቃ በላይ ፈጀ፤ ሁሉም ሁለተኛ ጊዜ ማየት ፈለገ።

«ቆዳውን የሚጥልበትን ቀን በምን ያውቃል?» አለችኝ ያቺ እግር የቆጠረችው ተማሪ። ጥያቄው ስለ ሆርሞን ነው። ኤክዳይሶን የሚባለው ሆርሞን በደሙ ውስጥ ከፍ ሲል ከአሮጌው ቆዳ ሥር አዲስ፣ ለስላሳና የተሸበሸበ ቆዳ ይሠራል፤ ከሁለቱ መካከል የሚፈሰው ፈሳሽ አሮጌውን ከውስጥ እያሟሟ የሚጠቅመውን ወደ አካል ይመልሳል። ከዚያ አንበጣው አየር ውጦ ራሱን ይነፋና ጀርባውን ይሰነጥቃል። ቡተናንትና ካርልሰን የተባሉት ተመራማሪዎች ይህን ሆርሞን በ1954 ለይተው ሲያወጡ ከግማሽ ቶን የሐር ትል ሙሽሬ (ትሉ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ተሸፍኖ የሚቆይበት ደረጃ) ያገኙት 25 ሚሊግራም ብቻ ነበር። ይህንን በሚዛን ልክ አስረዳኋቸው፦ አምስት ኩንታል ትል በአንድ በኩል፣ ከአንድ ቁንጥር ጨው ያነሰ ዱቄት በሌላ በኩል።

ከዚያው ብልቃጥ ሌላ ጥያቄ ተወለደ፤ በሬ የሚያህል አንበጣ ለምን የለም? አዲሱ ቆዳ እስኪጠነክር እንስሳው አጽም የለውም ማለት ይቻላል፤ ሥጋውን የሚደግፍለት ነገር የለም። በየብስ ላይ በሬ የሚያህል ለስላሳ አካል በራሱ ክብደት ይዘረጠጣል። አየርም በእነዚያ ቀጫጭን ቧንቧዎች ያን ያህል ርቀት ለመድረስ ይቸገራል። በባሕር ውስጥ ውሃው ስለሚሸከም ነገሩ ይላላል፤ የጃፓን ሸረሪታዊ ሸርጣን እግሮቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 3.7 ሜትር ይደርሳል። መምሪያው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይናገርም። ሦስት ቃል!

ስላይዶቹ መካከለኛ ናቸው። የትንኟ አፍ ተሰብሯል፤ ስድስቱ መርፌዎች ተለያይተው መታየት ሲገባቸው እንደ ተጠቀለለ ክር ተጣብቀዋል። የቁንጫዋ ስላይድ ጥሩ ነው፤ ከግራና ቀኝ ተጨፍልቃ በጠጉር መካከል ለመሽሎክለክ የተፈጠረች መሆኗ ይታያል። የፍራፍሬ ዝንቧ ዓይን ከ700 በላይ ጥቃቅን ዓይኖች የተደረደሩበት የማር እንጀራ ይመስላል። ከሁሉም የወደድኩት የትራኪያው ነው፤ ቧንቧው እንዳይጨፈለቅ ዙሪያውን የተጠመጠመው ጠመዝማዛ ክር እንደ ሞላ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብልቃጧን ካዩ በኋላ ይህን ስላይድ የተመለከቱ ልጆች ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። መነጽሩ ጠርዙ ላይ ያዛባል፤ መሃሉ በቂ ነው። ከመምሪያው 32 ገጾች የተጠቀምኩባት አንዲት ገጽ ነች፦ የአንበጣን ውስጣዊ አካል የምታሳየዋ ሥዕል። ልቡ በጀርባው፣ ዋናው ነርቩ በሆዱ በኩል መሆኑን፣ ማለትም ከእኛ ጋር ሲተያይ የተገለበጠ መሆኑን በትክክል ታሳያለች። ቆርጬ ግድግዳ ላይ ለጥፌያታለሁ፤ የተቀረውን አልፈልገውም።

ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ። ስሞቹን ራሱ ማረም ለሚችል መምህር ይጠቅማል። ለልጁ ስጦታ የሚፈልግ ወላጅ ግን መምሪያውን ደብቆ ቢሰጠው ይሻላል። ገዝታችሁ ከሆነ ብልቃጧን ፀሐይ ከሚመታበት ቦታ አርቁ፤ በወረንጦም አትንኳት።

ስለ ሸረሪቷ ለሻጩ ጽፌለት ነበር። ይቅርታ ጠይቆ፣ አሮጌዋን ሳያስመልሰኝ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ምትክ ላከልኝ። አዲሷ ስምንቱም እግሮቿ የተሟሉ ናቸው፤ ወለሏም ግልጽ ስለሆነ ድር መፍተያዋ ይታያል። ገልብጬ ወረቀቷን አነበብኩ፦ «ሸረሪት፤ ክፍል፦ ነፍሳት»።